በመርፌ የተወጋ ሕዋስ ለምን ፈስሶ አያልቅም? የሕዋስ ሽፋን ስለሚጠገንበት መንገድ

የላብ ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ፋይብሮብላስት የተባሉትን የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕዋሳት በጣም ቀጭን ጫፍ ባለው የመስታወት መርፌ እየወጋሁ ወደ ውስጣቸው ቀለም አስገባለሁ። መርፌው ከወጣ በኋላ ሕዋሱ ቀለሙን ይዞ ይቆያል፣ ከሰዓታት በኋላም ቅርጹን እንደጠበቀ አገኘዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሌላ ሙከራ ስላዘጋጀሁ ካልሲየም የሌለበትና ኢጂቲኤ (ካልሲየምን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል) የተጨመረበት ፈሳሽ ተጠቀምሁ፤ የተወጉት ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀለሙን አፍስሰው፣ አብጠውና ደብዝዘው ሞቱ። መርፌው ያው መርፌ ነው፣ እጄም ያው እጄ ነው። የሕዋስ ሽፋን፣ በተለምዶ ሜምብሬን የምንለው፣ ሲበሳ የሚዘጋው በምን ብልሃት ነው? ካልሲየምስ በዚህ ውስጥ ምን ሥራ አለው?

ሊፒድና ፊዚክስ

ነገሩ ያን ያህል ምሥጢር ያለው አይመስለኝም። ሽፋኑ ከሊፒድ፣ ማለትም ከቅባት መሰል ሞለኪውሎች የተሠራ፣ ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ድርብ ንጣፍ ነው። የሞለኪውሎቹ ራስ ውኃ ይወዳል፣ ጭራቸው ውኃ ይሸሻል። ቀዳዳ ሲፈጠር በጠርዙ ላይ ያሉት ጭራዎች ለውኃ ስለሚጋለጡ፣ ያንን መጋለጥ ለመቀነስ ጠርዙ በራሱ ይሰበሰባል። ከሊፒድ ብቻ የሚሠሩ ሰው ሠራሽ ከረጢቶች ሲበሱ ያለ ፕሮቲንም ያለ ካልሲየምም ይዘጋሉ። ስለዚህ የእርስዎ ሕዋሳት የሞቱት ፈሳሹ በሌላ መንገድ ጎድቷቸው እንዳይሆን እሠጋለሁ። በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ያልተወጉት ምን ሆኑ?

የላብ ጀማሪ

ያልተወጉት በዚያው ሳህን ላይ፣ ከተወጉት ጎን፣ በሕይወት ነበሩ። ጥቂቶቹ ጠርዛቸውን ሰብሰብ ከማድረጋቸው በቀር የደረሰባቸው ነገር አልነበረም።

መምህር ሥነ ሕይወት

እንግዲያው ጥፋተኛው ፈሳሹ ብቻ አይደለም። የሊፒድና ፊዚክስ ማብራሪያ ለንጹሕ ሊፒድ ከረጢት ትክክል ነው፣ ለእውነተኛ ሕዋስ ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። የሕዋስ ሽፋን በነጻነት የሚንሳፈፍ የዘይት ስስ ገጽ አይደለም፤ ከሥሩ ካለው፣ አክቲን ከተባለው ፕሮቲን ቃጫዎች ከተሠራው መረብ ጋር በብዙ ቦታ ተያይዟል፣ መረቡም ሽፋኑን ወጥሮ ይይዘዋል። ስለዚህ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሁለት ኃይሎች ይጓተታሉ፤ የሊፒዱ ጠባይ ቀዳዳውን ሊያጠብ ይፈልጋል፣ ውጥረቱ ደግሞ ሊያሰፋው ይፈልጋል። በጥቂት ናኖሜትር ቀዳዳ ላይ የመጀመሪያው ያሸንፋል። መርፌ በሚያደርሰው፣ ማይክሮሜትርን በሚጠጋ ቀዳዳ ላይ ግን ሁለተኛው ስለሚበረታ ሕዋሱ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ያልቅለታል።

ካልሲየም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ፈሳሽ ከ1 እስከ 2 ሚሊሞላር የሚደርስ ካልሲየም ሲይዝ፣ በውስጡ ያለው ነጻ ካልሲየም 100 ናኖሞላር ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከ10,000 እጥፍ በላይ ነው። ሕዋሱ ይህን ልዩነት ለመጠበቅ ሌት ተቀን በፓምፕ ካልሲየም ያስወጣል፤ ሽፋኑ ሲነደል መጀመሪያ የሚጎርፈውም ይኸው ነው። ከቁስሉ ለመግባት ፈቃድ የማያስፈልገው ምልክት ስለሆነ፣ ሕዋሱ ሽፋኑ መነደሉን በእርሱ ያውቃል።

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ይሠራ የነበረው ሃይልብረን፣ ካልሲየም ባለበት የባሕር ውኃ ውስጥ የተቀደደ እንቁላል በቁስሉ አፍ ላይ አዲስ ገጽ እንደሚያበጅ፣ ካልሲየም በሌለበት ግን የውስጡ ፈሳሽ ተዘርግፎ እንደሚቀር በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አሳይቶ ነበር። እርስዎም ባለፈው ሳምንት ሳያስቡት የእርሱን ሙከራ ደግመውታል።

ወሳኙ እርምጃ የመጣው በ1994 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስታይንሃርትና ባልደረቦቹ ቦቱሊነምና ቴታነስ መርዞችን ወደ ሕዋሳት አስገቡ። እነዚህ መርዞች የነርቭ ሕዋስ የመልእክት ከረጢቶቹን ከሽፋኑ ጋር የሚያዋሕድባቸውን ፕሮቲኖች ቆርጠው ይጥላሉ። መርዙ የገባባቸው ሕዋሳት ቁስላቸውን መዝጋት ተሳናቸው። ከዚህ የተገኘው ድምዳሜ ጥገናው የሊፒድ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ሥራ መሆኑ ነው፤ ካልሲየም ሲገባ ውስጣዊ ከረጢቶች ወደ ሽፋኑ ሄደው ይዋሐዳሉ፣ ይህም ኤክሶሳይቶሲስ የምንለው ነው። የሚጨመረው ሊፒድ ውጥረቱን ስለሚያላላው፣ ተሸንፎ የነበረው የጠርዙ ጠባይ እንደገና ያሸንፋል። ሊፒድና ፊዚክስ እንግዲህ መጨረሻ ላይ ትክክል ይሆናሉ፣ ግን ሕዋሱ አስቀድሞ መንገዱን ከጠረገላቸው ብቻ።

ሊፒድና ፊዚክስ

ተቀብያለሁ። ውጥረቱን ከሒሳቤ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። ሽፋኑ ማይክሮሜትሮች በሚሰፋ ክፍተት ላይ የሚያላላውን ሊፒድ በዚያ ፍጥነት ከየት ያመጣል?

መምህር ሥነ ሕይወት

ሁለት መልስ አለ፣ ሁለቱም እንደ ሕዋሱ ዓይነት ይሠራሉ። በትልልቅ እንቁላሎች ላይ፣ ማክኒልና ባልደረቦቹ በ1997 በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ እንዳሳዩት፣ ከቁስሉ ሥር ያሉት ከረጢቶች ካልሲየም ሲነካቸው አስቀድመው እርስ በርሳቸው ይዋሐዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የተገኘው ሰፊ ገጽ እንደ እራፊ ጨርቅ ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል። እንግዲህ ይህ ክር አስገብቶ መስፋት ሳይሆን መጣፍ ነው። በተራ ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ዋናው አቅራቢ ላይሶዞም፣ ማለትም የሕዋሱ ቆሻሻ የሚፈጭበት ከረጢት ሆኖ ተገኘ። በ2001 የአንድሪውስ ቡድን እንዳሳየው፣ ከቁስል በኋላ በላይሶዞም ሽፋን ላይ ብቻ ይገኝ የነበረ ፕሮቲን በሕዋሱ ውጫዊ ገጽ ላይ ብቅ ይላል፤ ካልሲየሙን አውቆ ውሕደቱን የሚያነሣሣውም ሲናፕቶታግሚን 7 የተባለው ፕሮቲን ነው። ላይሶዞምን የቆሻሻ ማቃጠያ ብቻ አድርገን ስናስተምር ለኖርን ይህ ትንሽ አሳፋሪ ነበር።

የላብ ጀማሪ

መምህር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ካልሲየም በብዛት ሲገባ ሕዋስ እንደሚገድል ተምረናል። ያው ነገር እንዴት ገዳይም አዳኝም ይሆናል?

መምህር ሥነ ሕይወት

ሁለቱም ነው፣ ልዩነቱ በጊዜና በመጠን ላይ ነው። ቀዳዳው በሴኮንዶች ወይም በአንድ ሁለት ደቂቃ ከተዘጋ ፓምፖቹ የገባውን ካልሲየም ያወጡታል። ካልተዘጋ ግን ካልሲየሙ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን ያነቃል፣ ሚቶኮንድሪያን ያጨናንቃል፣ የጡንቻ ሕዋስ ከሆነም እስኪበጣጠስ ያኮማትረዋል። ስለዚህ ጥገናው እሽቅድምድም ነው፣ ያስጀመረውም ሊቀደም የሚገባውም ያው ካልሲየም ነው።

የጡንቻ ሐኪም

ውይይቱን በፍላጎት እየተከታተልሁ ነበር፣ በሙያዬ የማየውን ልጨምር። መርፌና ላብራቶሪ ባይኖርም ሕዋሳት በሰውነታችን ውስጥ በየቀኑ ይቆስላሉ። ጡንቻ፣ በተለይ እየተወጠረ ኃይል በሚያወጣበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ቁልቁል ስንወርድ፣ የአንዳንድ ቃጫዎቹ ሽፋን ይቀደዳል፤ የልብ ጡንቻም፣ አንጀትም፣ ቆዳም እንዲሁ። ከከባድ የጡንቻ ሥራ በኋላ በደም ውስጥ ክሬያቲን ካይኔዝ የተባለውን የጡንቻ ኢንዛይም ከፍ ብሎ የምናገኘው ከእነዚህ ቀዳዳዎች ስለሚፈስ ነው። አብዛኞቹ ቃጫዎች ግን ተጠግነው ይቀጥላሉ።

ጥገናው ሲከሽፍ ምን እንደሚመጣ የሚያሳየው ዲስፈርሊን የተባለው ፕሮቲን ነው። ዘረመሉ በ1998 ሲታወቅ ሚዮሺ ማዮፓቲ የሚባለው የጡንቻ ሕመምና ሊምብ ገርድል (የዳሌና የትከሻ ዙሪያ) የሚባለው አንድ ዓይነት የጡንቻ መመንመን ከዚሁ አንድ ዘረመል ጉድለት እንደሚመነጩ ተረጋገጠ። ፕሮቲኑ ምን እንደሚሠራ ግን እስከ 2003 ድረስ ግልጽ አልነበረም። በዚያ ዓመት የካምቤል ቡድን የአይጥ ጡንቻ ቃጫን በሌዘር በስቶ፣ ከሽፋን ጋር ሲጣበቅ በሚያበራ ቀለም ተከታተለው። በጤነኛው ቃጫ ቀለሙ በቁስሉ ላይ ጥቂት ገብቶ ይቆማል። ዲስፈርሊን በሌለው ቃጫ ግን ቀለሙ እየገባ ይቀጥላል፤ ከቁስሉ ሥርም ከረጢቶቹ ተከማችተው ሳይዋሐዱ ይቀራሉ። ልክ መጣፊያው ቀርቦ መርፌ ያጣ ሰው ይመስላል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች አዘውትረው የሚያደባልቁትን ነገር ልለይ። ዲስትሮፊን የሚጎድልበት የዱሼን በሽታ ሌላ ነው። ዲስትሮፊን ሽፋኑን ከውስጥ የሚደግፍ ስለሆነ ሲጎድል ሽፋኑ ቶሎ ቶሎ ይቀደዳል፤ የተቀደደውን የመዝጋት ብቃቱ ግን በዚሁ የሌዘር ሙከራ ከጤነኛው ያልተለየ ሆኖ ተገኝቷል። በዲስፈርሊን ጉድለት ችግሩ በመዝጋቱ ላይ ነው። የበሽታዎቹ መልክም የሚለየው ምናልባት በዚህ ይሆናል፤ ዱሼን በልጅነት ይጀምራል፣ የዲስፈርሊን ሕመም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና መጨረሻ ወይም በሃያዎቹ ዕድሜ ይታያል። እስከዚያ ድረስ ታማሚው ጠንካራ፣ አንዳንዴም ስፖርተኛ ይሆናል። ክሬያቲን ካይኔዙ እጅግ ከፍ ስለሚልና በጡንቻው ውስጥ እብጠት ስለሚታይ ፖሊማዮሳይቲስ (የጡንቻ ብግነት) ነው ተብሎ ለዓመታት ስቴሮይድ የሚሰጠው ታማሚ ጥቂት አይደለም። እኔም ከዓመታት በፊት አንድ እንዲህ ያለ ታማሚ ተላልፎልኝ ነበር፤ መድኃኒቱ ጡንቻውን አላዳነም፣ አጥንቱን ግን ጎድቶ ነበር። የሽፋን ጥገናን ባዮሎጂ ሳላነብ ያሳለፍኋቸው ዓመታት ያን ጊዜ ቆጭተውኛል።

ተጠራጣሪው

መጣፊያውን ሁሉም እያመሰገነው ስለሆነ ተቃውሞዬን ላቅርብ። ባክቴሪያዎች የሚለቋቸው ቀዳዳ አበጅ መርዞች አሉ። ስትሬፕቶሊሲን ኦ ለምሳሌ በሽፋኑ ላይ በቀለበት ቅርጽ ተሰብስቦ እስከ 30 ናኖሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ይከፍታል። የዚህ ቀዳዳ ጠርዝ ሊፒድ አይደለም፣ በፕሮቲን የተጠናከረ የማይነቃነቅ ቀለበት ነው። ውጥረቱን ብታላሉለትም አይሰበሰብም፤ ከላዩ መጣፊያ ቢለጠፍበትም ቀለበቱ ባለበት ይቀራል። እንዲያም ሆኖ ሕዋሳት በካልሲየም ፊት ከዚህ መርዝ ይተርፋሉ። መጣፊያው ይህን ሊያስረዳ አይችልም።

መምህር ሥነ ሕይወት

ተቃውሞው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ያ ጥያቄ ነው ለሌሎቹ መንገዶች በር የከፈተው። የአንድሪውስ ቡድን ራሱ በ2008 እንዳሳየው ሕዋሱ ቀለበቱን ከነሽፋኑ ወደ ውስጥ ይጎርሰዋል፤ ኢንዶሳይቶሲስ ነው። ላይሶዞሞቹ ሲዋሐዱ ሊፒድ ብቻ አያቀርቡም፣ አሲድ ስፊንጎማይሊኔዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ ውጭ ይለቅቃሉ። ይህ ኢንዛይም በውጫዊው ገጽ ያለውን ስፊንጎማይሊን የተባለ ሊፒድ ሴራማይድ ወደተባለ ሌላ ሊፒድ ይለውጠዋል፣ ሴራማይድ የበዛበት የሽፋን ክፍል ደግሞ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ስለዚህ ቀደም ብዬ የላይሶዞሙን ሥራ ሊፒድ ማቅረብ ብቻ አስመስዬ መጻፌ ጎዶሎ ነበር፤ ይታረምልኝ።

ሌላው መንገድ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የቆሰለውን ቁራሽ ወደ ውጭ ቆርጦ ይጥላል። በ2014 የፔሬዝ ቡድን እንዳሳየው ኢስክርት 3 የተባለው የፕሮቲን ስብስብ በካልሲየም ተጠርቶ በቁስሉ ዙሪያ ይከማቻል፣ ቁስሉ ያለበትም ገጽ እንደ እምቡጥ ወደ ውጭ ወጥቶ ይቆረጣል። ይህ የሚሠራው ከ100 ናኖሜትር በታች ለሆኑ ቁስሎች ነው። ይኸው ስብስብ በሌላ ጊዜ የሚከፋፈሉ ሕዋሳትን የመጨረሻ ማያያዣ ይቆርጣል፣ ኤችአይቪም ከሕዋስ ተላቆ ለመውጣት ይጠቀምበታል። ሕዋስ መቀሱን ለአንድ ሥራ ብቻ አያስቀምጥም።

ተጠራጣሪው

መልካም። ታዲያ የትኛው ነው ትክክለኛው? አራት ቡድን አራት ዘዴ ካቀረበ አንዳንዶቹ ከጥቅም ውጭ የሚሆኑ ይመስለኛል።

የጡንቻ ሐኪም

ሁሉም በየቁስላቸው ትክክል ናቸው። ሰው ሲቆስል ጭረቱን በፋሻ፣ ጥልቁን በስፌት እንደምናክመው ነው፤ አንዱ ሌላውን ሐሰተኛ አያደርገውም። ከዚያም ባሻገር እነዚህ ዘዴዎች የሚጋሯቸው ሠራተኞች አሉ። አኔክሲን የሚባሉት ፕሮቲኖች ካልሲየም ሲያገኙ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ካለው ሊፒድ ጋር ይጣበቃሉ፤ አኔክሲን ኤ5 በቁስሉ ጠርዝ ላይ እንደ ምንጣፍ የተደረደረ ጥልፍ ሠርቶ ጠርዙ ተጨማሪ እንዳይቀደድ ያደርጋል፣ ሌሎቹ ጠርዙን አጥፈው ያቀራርቡታል። በጡንቻ ውስጥ ኤምጂ53 የተባለ ፕሮቲንም አለ፣ በ2009 የተገኘ፤ ይህኛው ምልክት የሚያደርገው ቀዳዳው ሲከፈት የሚያጋጥመውን፣ ኦክሳይድ አድራጊ (ኦክሲዳይዚንግ) የሆነውን የውጭ አካባቢ ነው። ሁኔታው ሲቀየር እርስ በርሱ ተቆላልፎ ከረጢቶችን ወደ ቁስሉ ይሰበስባል። ካልሲየም ብቸኛው ደወል አለመሆኑን የሚያሳይ ስለሆነ እወደዋለሁ።

ሊፒድና ፊዚክስ

ስለ አክቲን መረቡ ማንም አልተመለሰበትም። በመጀመሪያ ላይ ጠላት ሆኖ ነበር የቀረበው። ከዚያስ?

መምህር ሥነ ሕይወት

መጀመሪያ ጠላት፣ በኋላ ረዳት ነው። ቁስሉ ሲከፈት በአካባቢው ያለው አክቲን በካልሲየም ይፈታል፣ ከረጢቶች ለመቅረብም መንገድ ያገኛሉ። ሽፋኑ ከተዘጋ በኋላ ግን ከሥሩ ያለው መረብ አሁንም ክፍት ነው። በእንቁራሪት እንቁላል ላይ የቤመንት ቡድን በሌዘር ቁስል ዙሪያ የአክቲንና የማዮሲን ቀለበት ሲፈጠርና እንደ ገመድ ማሰሪያ ከረጢት አፍ ሲጠብ አሳይቷል። ቀለበቱን የሚያዝዙት ሮ እና ሲዲሲ42 የተባሉ፣ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠሩ ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሮ ወደ ቁስሉ ቀርቦ፣ ሲዲሲ42 ከእርሱ ውጭ፣ አንዱ ሌላውን ሳያደናቅፍ እንደ ሁለት ክብ መስመሮች ይሰለፋሉ። ቁስሉ እየጠበበ ሲሄድ ክቦቹም አብረው ይጠባሉ፤ ቪዲዮውን አንድ ጊዜ የተመለከተ አይረሳውም።

ተጠራጣሪው

ሌላ ተቃውሞ አለኝ። ሕዋስ ሽፋኑን በዚህ ሁሉ ጥበብ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሊሞት ሲወስን እንዴት ሊሞት ይችላል? ፓይሮፕቶሲስ በተባለው፣ ብግነት በሚቀሰቅስ የታቀደ ሞት ሕዋሱ ራሱ ጋስደርሚን ዲ የተባለ ፕሮቲን አሰማርቶ የራሱን ሽፋን ይበሳል።

መምህር ሥነ ሕይወት

እዚያም ጥገናው ይሞክራል። በ2018 እንደታየው ጋስደርሚን ሽፋኑን ሲበሳ ኢስክርት 3 ተሰብስቦ የተበሱትን ክፍሎች ወደ ውጭ ይጥላል፣ ብዙ ሕዋሳትም ይተርፋሉ። ስለዚህ መበሳትና መሞት አንድ አይደሉም። ከዚያም በ2021 ኒንጁሪን 1 የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ሥራው ታወቀ። እስከዚያ ድረስ የሞተ ሕዋስ ሽፋን በመጨረሻ የሚፈነዳው በገባው ውኃ ግፊት እንደ ፊኛ ነው፣ ማንም አያዝዘውም ተብሎ ይታመን ነበር፤ እኔም እንዲያ አስተምር ነበር። ኒንጁሪን በሌላቸው ሕዋሳት ግን ሞቱ ይከሰታል፣ ሽፋኑ ግን አይፈነዳም፤ ያበጠ ከረጢት ሆኖ ይቀራል። መፍረሱም እንደ መጠገኑ ሁሉ የተመደበለት ሠራተኛ አለው።

የላብ ጀማሪ

ይቅርታ፣ ወደ ሳህኔ ልመለስ። በተባለው መሠረት ትናንት ሙከራውን ደግሜ ሠራሁ። በአንዱ ሳህን ካልሲየሙን ከመውጋቴ በፊት ጨመርሁ፤ አብዛኞቹ ተርፈዋል። በሌላው ከወጋሁ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ጨመርሁ፤ አልተረፉም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ግራ አጋባኝ። በተለመደው ፈሳሽ አንድ ጊዜ የወጋኋቸውን ሕዋሳት ከደቂቃዎች በኋላ በሌላ ቦታቸው ስወጋቸው፣ ቀለሙ ከመጀመሪያው ጊዜ ያነሰ የፈሰሰ መሰለኝ። ዓይኔ አታሎኝ ይሆን?

መምህር ሥነ ሕይወት

ዓይንዎ ላያታልልዎት ይችላል። ቶጎና ስታይንሃርት በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ አንድ ጊዜ የቆሰለ ፋይብሮብላስት ሁለተኛውን ቁስል ከመጀመሪያው ፈጥኖ እንደሚዘጋ አሳይተዋል፤ ከመጀመሪያው ቁስል በኋላ ለውሕደት የተዘጋጁ ከረጢቶች ስለሚበዙ ነው። ነገር ግን ከመቀበልዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ቀለሙ አስቀድሞ ከፈሰሰ ሁለተኛው ፍሰት በግድ ያንሳል፤ ስለዚህ ከውስጥ የሚወጣውን ቀለም ሳይሆን ከውጭ የሚገባውን ይለኩ። ሁለተኛ፣ ኢጂቲኤ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ሕዋሳቱን ብዙ አያቆዩ። ጠርዛቸውን ሰብሰብ አድርገዋል ያሉት ሲሆን፣ ይህ ከሳህኑ መላቀቅ እየጀመሩ መሆኑን ያሳያል፤ የተላቀቀ ሕዋስ የሽፋኑ ውጥረት ስለሚለወጥ ውጤቱን ያበላሽብዎታል። ማግኒዚየም በፈሳሹ ውስጥ ይኑር፣ በኢጂቲኤ ፋንታም ኢዲቲኤ የተባለውን ተመሳሳይ ኬሚካል አይጠቀሙ፣ ማግኒዚየሙንም ይዞ ስለሚሄድ።

የላብ ጀማሪ

ማግኒዚየም አልጨመርሁም ነበር። ነገ እደግመዋለሁ።